ብረትን በብርድ የፈጩት ጋሼ አድማሱ

ጋሼ አድማሱ ከእኛ ተለይተዋል። በስማዳ፣ በእስቴና በጋይንት ያላችሁ ወዳጆቻቸው፣ ያስተማሯችሁም አብራችኋቸው የሠራችሁም፣ መንገዱ አልሆን ብሏችሁ ብዙዎቻችሁ ለቀብራቸው እንዳልደረሳችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ በአርባቸው ዕለት እንዲነበብላችሁ ብዬ ይህን ጻፍኩ። እኔ የጋሼ ታናሽ ወንድም ሚስት ጥሩወርቅ ነኝ። ልጄ እናትነሽ «እኔ ልጻፍልሽ» ብላኝ ነበር። እሷ ከጻፈችው ከላይ እስከ ታች ብረት ብቻ ይሆናል ብዬ ከለከልኳት።

መርዶውን የሰማሁት ከቤታችን ጀርባ ባለው ጉብታ ላይ ቆሜ ነው። ሰፈራችን ከንፋስ መውጫ ወጣ ያለ ስለሆነ ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው። እናትነሽ «እማዬ፣ ጋሼ…» አለችና ስልኩ ተቋረጠ። ሆስፒታል መግባታቸውን አውቅ ነበርና ቀሪውን ሳልሰማው ገባኝ። መጀመሪያ የመጣብኝ ግን እንባ አልነበረም፤ ንዴት ነው። «ነግሬያቸው ነበር፤ ነግሬያቸው ነበር» እያልኩ ጉብታውን ወረድኩ። በሐዘን ላይ እንዲህ ይባላል ወይ የሚለኝ ካለ፣ ያ ሰው ጋሼ አድማሱን በቅርብ አያውቃቸውም ማለት ነው። በቅርብ ያወቃቸው ሁሉ ሲወዳቸው ኖሯል፤ ሲበሳጭባቸውም ኖሯል።

ጋሼ አድማሱ እዚሁ ላይ ጋይንት ተወለዱ። ድቁና ከተቀበሉ በኋላ አስኳላ ገቡ፤ በትምህርታቸው ገፍተው ባሕር ተሻግረውም ተማሩ። ሲመለሱ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ስለ ብረት ማስተማር ጀመሩ። ሚስት አላገቡም፤ «ጊዜው አልመቸኝም» ይሉ ነበር። ባለቤቴ ድንገት ሲያርፍብኝ እናትነሽ ገና ጥርሷን ያልነቀለች ልጅ ነበረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቷ እሳቸው ናቸው። ደብተሯን፣ ጫማዋን፣ መነጽሯን ሳይጠየቁ ያመጣሉ። የራሳቸው ጫማ ግን ሶሉ ተላቆ በሽቦ የታሰረ ነው።

ስለ ብርዱም ልንገራችሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከብርድ ጋር ሲሠሩ የኖሩ ሰው ወደ ጉና ውርጭ የሚመጡት በአንዲት ስስ ኮት ነበር። ጋቢ ፈትዬ አሠርቼ ሰጠኋቸው። ሲሄዱ አልጋው ላይ ጥለውት ሄዱ። ሲመለሱ አለበስኳቸው፤ አሁንም ትተውት ሄዱ። «እዚሁ ይቆየኝ፤ ስመጣ አገኘዋለሁ» ይሉኛል። ጋቢ ለሰው ነው እንጂ ለአልጋ አይደለም ብል ማን ሰምቶኝ።

ሥራቸው ለብዙ ዓመት አልገባኝም ነበር። አንድ ቀን ከወፍጮ ቤት ስመለስ ደጅ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዱቄቱን ከጆንያ ገልብጬ ሸራ ላይ ስዘረጋ አዩና፣ እንደ ልማዳቸው ስሜን አሳጥረው፣

«ጥሩ፣ ለምን ትበትኚዋለሽ?» አሉኝ።

«ትኩስ ነዋ። እንደታሰረ ከዋለ ይበላሻል። ረፋድ ላይ ያስፈጨ ሰው ዕጣው ይኸው ነው፤ ድንጋዩ ግሎ ይቆያል። በጠዋት የደረሰች ግን ቀዝቃዛ ዱቄት ይዛ ትገባለች።»

«የእኔም ሥራ ይኸው ነው» አሉ። «ወፍጮው እንዳይግል መጠበቅ።»

«ታዲያ ለዚህ ነው ባሕር ተሻግረው የተማሩት? በጠዋት አይነሡም?»

እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ዱቄቱን እንደዘረጋሁ ትቼ እንድቀመጥ አደረጉኝና እንዲህ ሲሉ አስረዱኝ። «ብረት ሲቀልጥ ውስጡ እንደ ገበያ ሰው የተደባለቀ ነው። ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ግን እንደ ቅዳሴ ሰው ይሰለፋል፤ ወንዱ በወንድ፣ ሴቱ በሴት፣ እያንዳንዱ ቦታውን ይይዛል። የተለያዩ ብረቶችን ቀይጠሽ፣ አቅልጠሽ፣ በድንገት ብታቀዘቅዣቸውስ? ለመሰለፍ ጊዜ ያጣሉ። እንደተደባለቁ ይደርቃሉ። ይህን ያልተሰለፈ ብረት እኛ የብረት መስታወት እንለዋለን።»

«አለመሰለፉ ምን ይጠቅማል?»

«ጠንካራ ነው። ጥፋቱ፣ ሲሰበር ሳያስጠነቅቅ መሰበሩ ነው። አይታጠፍም። አሁን ይህን ብረት ከብረት ኳሶች ጋር ድስት ውስጥ ከተን ስናሽከረክረው ኳሶቹ ይወቅጡታል። ሲወቀጥ ይግላል። ሙቀት ካገኘ ደግሞ ውስጡ መንቀሳቀስ ይችላል፤ ቦታ ይፈልጋል፣ ይሰለፋል፣ የብረት መስታወትነቱ ይቀራል። ድስቱን በጣም፣ እጅግ በጣም ካቀዘቀዝነው ግን ለመሰለፍ አቅም ያጣል። ምቱ ውስጡ ታምቆ ይቀራል። ይላላል፣ በመካከሉ ክፍተት ያበጃል፤ ገና እንደተሠራ ዓይነት፣ እንደገና ልጅ ይሆናል። ያን ጊዜ ከመሰበሩ በፊት ትንሽ ይታጠፋል።»

«እርስዎም ትንሽ መታጠፍ ቢለምዱ» አልኳቸው።

ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ። «ሁሉም ቅይጥ ግን እንዲህ አይደለም» ብለው ቀጠሉ። «አንዳንዱ በዚያ ሁሉ ብርድ ውስጥ እንኳ ከምቱ የተነሣ ጥቃቅን ሰልፍ ይጀምራል። የትኛው ልጅ እንደሚሆን፣ የትኛው እንደሚሰለፍ፣ ልጅነቱስ ይቆይለት እንደሆነ ነው የምንፈልገው።» ዱቄቴ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አላቆሙም። በሰርግ ቤት እንዲህ ናቸው፤ በልቅሶ ቤትም እንዲህ ናቸው። አንድ ጊዜ ድንኳን ውስጥ ለቀብር አስፈጻሚው ሲያስረዱ ሰውዬው ጥሩንባውን መንፋት ረስቶ ሕዝቡ ተቆጥቷል።

ብርዱን የሚያመጡት ፈሳሽ ናይትሮጅን ከሚባል ነገር ነው። እንደ ፈላ ውኃ ይጨሳል፤ ግን ብርድ ነው፤ የነካውን ያቃጥላል። መያዣውን መጀመሪያ ያየሁት እናትነሽ በስልኳ ፎቶ ስታሳየኝ ነው። «ይህ ላም የሚያዳቅለው ባለሙያ ይዞት የሚዞረው ዕቃ አይደለም ወይ?» አልኩ። ለካስ እሱው ነው። የኮርማውን ዘር የሚያቆዩበት ብርድና የጋሼ ብርድ አንድ ነው፤ የሚያገኙትም ከዚያው ከማዳቀያ ጣቢያ እየለመኑ ነው። ይህን የሰሙ ጎረቤቶቼ ጋሼ በመጡ ቁጥር ብረቱን እንደተዳቀለች ላም አድርገው «አቶ አድማሱ፣ ብረቷ ያዘች ወይስ ደገመች?» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እሳቸውም ፈርጠም ብለው «ይዛለች፤ የምትወልደውን አላወቅንም እንጂ» ይላሉ።

አሁን ወደ ብልቃጡ ልምጣ።

በአንድ ጥምቀት ሁለት ትናንሽ ብልቃጦች ይዘው መጡ። ውስጣቸው አመድ የመሰለ የብረት ዱቄት አለ። አንዱ ሳይቀዘቅዝ የተፈጨ ነው፣ ሌላው በብርድ የተፈጨ። «ጓዳሽ ዓመቱን ሙሉ ቀዝቃዛ ነው። እዚህ ይቀመጡልኝና ስመለስ ውስጣቸው ተለውጦ እንደሆነ አያለሁ። እሳት ብቻ አይቅረባቸው» አሉኝ። ምድጃ ባለበት ቤት እሳት አይቅረበው የሚባል ዕቃ ማምጣት የእሳቸው ነገር ነው። እሺ ብዬ መደርደሪያው ላይ፣ ከጸበሉ ጠርሙስ አጠገብ አስቀመጥኳቸው።

እናታቸው እማማ ዘነቡ ከእኔ ጋር ነው የሚኖሩት። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ልጃቸው ከሩቅ አገር ይዞት የመጣ፣ በጸበል አጠገብ የተቀመጠ፣ አመድ የመሰለ ነገር በእሳቸው ቤት ሌላ ምን ይሆናል? ከገዳም የመጣ እምነት ነው ብለው ጠዋት ጠዋት በስመ አብ እያሉ ጉልበታቸውን ይቀቡት ጀመር። እኔ አላየሁም፤ እሳቸውም መደበቅ አላሰቡም። ጋሼ ሲመጡ ብልቃጦቹ ባዶ ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም ነበር።

«እናቴ፣ ይህን ምን አደረግሽው?»

«ምን አደርገዋለሁ፣ ተቀባሁት። ከየትኛው ገዳም ነው ያመጣኸው? እግዜር ይስጥህ፣ ሌሊት የሚነዘንዘኝ ቀለል ብሎኛል።»

«የትኛውን ነው የተቀባሽው? ቀይ ክዳን ያለውን ወይስ ጥቁሩን?»

«ሁለቱንም ደባልቄ ነዋ። ከበረከት ይመረጣል እንዴ?»

ጋሼ አድማሱ አልጋው ላይ ያለውን ጋቢ አንስተው ፊታቸውን ሸፈኑ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እኔና እናትነሽ ደነገጥን፤ ስንት ወር የለፉበት ሥራ ነው፣ የሚያለቅሱ መሰለን። ጋቢውን ሲገልጡ ግን ከሳቃቸው የተነሣ እንባቸው ይወርዳል። ከዚያ ራሳቸው ውኃ አሞቁ፤ «ለቆዳ አይሆንም፣ ይብቃሽ» ብለው በርከክ አሉና የእናታቸውን ጉልበት በሳሙና አጠቡ። እማማ ዘነቡ «በረከቴን አጠበብኝ» እያሉ ሲያጉረመርሙ፣ እኔም በበኩሌ ልፋታቸውን ውኃ ስለበላው ስቆጣ፣ ቀና ብለው «ጥሩ፣ ተይው። ሥራ ይደገማል፤ እናት አትደገምም» አሉኝ።

ይህን ቃል አስታውሱልኝ። የተናገሩት እሳቸው ናቸው።

እናትነሽም በብረት ነገር የተያዘችው በዚያ ቀን ነው። ከብልቃጡ ግርጌ የቀረውን በጣቷ እየነካች «ጋሼ፣ ውስጡ መሰለፉ በምን ይታያል?» አለቻቸው። ጨረር ሲያሳልፉበት የተሰለፈውና ያልተሰለፈው የተለያየ ምልክት እንደሚሰጥ፣ ሲያሞቁትም ያመቀውን ሙቀት ሲመልስ እንደሚለካ ነገሯት። እስኪመሽ አወሩ። ዓመታት አልፈው ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የእሳቸውን ትምህርት መረጠች፤ ጨርሳም እዚያው አብራቸው ቀረች። የእኔ ምኞት ነርስ እንድትሆንልኝ ነበር።

ሥራውን በእርግጥም ደገሙት፤ አንዱን ቅይጥ ሲጨርሱ ሌላ እየያዙ፣ በየጊዜው። ባለፈው ዓመት ደግሞ በብርድ የተፈጨ አዲስ ዱቄት አንድ ብልቃጥ አመጡልኝ። «ይህ ዋናው ነው። ዓመት ይቀመጥልኝ፤ ከዚያ አዲስ ከምንፈጨው ጋር እናስተያየዋለን» አሉ። እኔም ተምሬያለሁ። ወረቀት ቀድጄ «አይቀባም፣ አይጠጣም» ብዬ ጻፍኩና ለጠፍኩበት፤ ከምድጃው ርቆ ጓዳ ካለው ወጋግራ ላይ በክር አንጠለጠልኩት። ጽሕፈቴን አይተው «ከእኛ ቤተ ሙከራ ምልክት የአንቺ ይበልጣል» አሉ።

ከዚያ የእስቴው ጉዞ መጣ። የአንድ ተማሪያቸው አባት ከመካነ ኢየሱስ ወዲያ ባለ ቀበሌ አርፈው ነበር። ስልክ የለም፣ መኪናውም መንገድ ላይ ቀረ። ሌላ ሰው ቢሆን «እግዜር ያጽናህ» ብሎ ሰው ይልካል። እሳቸው በዚያች በሽቦ በታሰረች ጫማ በእግራቸው ሄዱ። ተማሪው ሐዘን ላይ ተቀምጦ አስተማሪው በበሩ ሲገባ ያየ ጊዜ የሆነውን እሱ ራሱ ይንገራችሁ። ሲመለሱ በእኛ በኩል አለፉ። እግራቸውን ላጥብ ጫማቸውን ሳወልቅ አብጧል። በጣቴ ብጫነው ጉድጓድ ሆኖ ቀረ።

«ጋሼ፣ ይህ የመንገድ እብጠት አይደለም።»

«ሲያድር ይመለሳል።»

«ፊትዎም አብጧል። ነገ ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት አብረን እንሂድ።»

«ናይትሮጅኑ በዚህ ሳምንት ይመጣልናል። ስንት ለምነን ያገኘነው ነው። ዕቃው ውስጥ ሆኖ እንኳ ይተናል፤ ሰው አይጠብቅም። እሱን ካሳለፍኩ በኋላ እታያለሁ።»

«ሥራ ይደገማል ያሉት እርስዎ አይደሉም ወይ?»

«ይህኛው ለመድገም ያስቸግራል» አሉኝ። በማግስቱ በመጀመሪያው መኪና ሄዱ። ጋቢው አልጋው ላይ ቀረ።

የቀረውን የነገረችኝ እናትነሽ ናት። ፊታቸው አብጦ ከወፍጮው አጠገብ ወንበር አስቀምጠው ተቀመጡ። ጓንቱን እሷ እንድታጠልቅ አስገድደው፣ እሳቸው ራቅ ብለው እያዘዙ፣ ናይትሮጅኑ እስኪያልቅ አስፈጩ። ዱቄቱ ታሸገ። ከዚያ ሆስፒታል ሄዱ። ሐኪሙ ሁለቱም ኩላሊታቸው ከደከመ መቆየቱን፣ ቀደም ብለው ቢመጡ ሊረዱ ይችሉ እንደነበር ነገራቸው። ከዚያ አልወጡም። አይታጠፉምና ሳያስጠነቅቁን ተሰበሩ። አስጠንቅቀዋል ከተባለም ያስጠነቀቀው እግራቸው ነው፤ እሳቸው አይደሉም።

ከቀብሩ ወዲህ እናትነሽ እዚህ ከእኔ ጋር ናት። እሷ ልመለስ ትላለች፣ እኔ አይሆንም እላለሁ። የመጨረሻው ዱቄት ዩኒቨርሲቲ ታሽጎ ተቀምጧል፤ ዓመት የሞላው ብልቃጥ እኔ ጓዳ ተንጠልጥሏል። ሁለቱ ካልተስተያዩ የጋሼ ሥራ እንደተንጠለጠለ ይቀራል ትለኛለች። ይቅራ፤ እኔ ባል ቀብሬያለሁ፤ የባሌን ወንድም ቀብሬያለሁ። የቀረችኝ አንዲት ልጅ ናት፤ ጣቷ ላይ ያ ብርድ ያቃጠላት ነጭ ጠባሳ አለ። ጓንቱ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። መንገዱንም ታውቁታላችሁ። ሌሊት ሕልሜ ሁሉ የሚጨስ ድስት ሆኗል።

«እማዬ፣ ብርዱ አይደለም የገደላቸው። ኩላሊት ነው።»

«ኩላሊት በምን ይታመማል? በብርድ አይደለም?»

«አይደለም። ሐኪሙን ጠይቂው።»

«ሐኪሙ እናቷ አይደለሁምና አልፈራም ይበል። እኔ ግን እፈራለሁ።»

በዚህ ላይ እያለን ነው እማማ ዘነቡ ከመደባቸው ላይ ሆነው የተናገሩት። ልጃቸውን ከቀበሩ ወዲህ ድምፃቸው ብዙም አይሰማም ነበር። ወደ ጓዳው እያዩ «ያ የተንጠለጠለው የልጄ ነው አይደል? አልነካሁትም» አሉ። «ሊወስደው ይመጣል ብዬ እጠብቅለታለሁ። አሁን የሚወስደው ማን ነው?»

ተነሥቼ ክሩን ፈታሁና ብልቃጡን አወረድኩት። አቧራ ለብሷል። ጠርጌው፣ እናትነሽን ከፊቴ አስቀምጬ፣ አያቷ እየሰሙ አስማልኳት። ሂጂ፤ ግን እግርሽ ባበጠ፣ ራስሽን ባመመሽ ቀን፣ ያ የላም ማዳቀያ ብርድ ሁሉ ወደ ሰማይ ቢተን እንኳ ጥለሽ ሐኪም ቤት ትሄጃለሽ አልኳት። ማለች። ብልቃጡን መንገድ ላይ ብትሰብሪውስ ብላት «እደግመዋለኋ፤ ሥራ ይደገማል» አለችኝ። ከማን እንደተማረችው አልጠየቅኳትም።

ጋሼ፣ እርስዎን እየተቆጣሁ ኖርኩ፤ እየተቆጣሁ ሸኘሁዎት። ስለ እግርዎ ያልኩትን ሰምተውኝ ቢሆን ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ ነበር። አባት ላጣች ልጄ አባት ሆኑ፤ ይህን ሳልነግርዎ መቅረቴ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ነግሬዎታለሁ፤ ሁልጊዜ ወሬውን ወደ ብረት ይመልሱት ነበር። አሁን ሊመልሱት አይችሉምና አንዴ ይስሙኝ፦ እግዜር ይስጥልን።

ብልቃጥዎ ነገ በጠዋቱ መኪና ከእናትነሽ ጋር ይሄዳል። «አይቀባም፣ አይጠጣም» የሚለውን ወረቀት አላነሣሁትም። ዱቄቱ ልጅ ሆኖ ቆይቶ እንደሆነ እሷ ታያለች፤ እርስዎ ካሉበት ሆነው ይመልከቱ። ለእናትዎ እኔ አለሁላቸው። በዚያ ብርድ የለም ይላሉ አባቶች። እንደሱ ከሆነ ጋቢውን አይፈልጉትም ብዬ ልጅዎን አልብሻታለሁ፤ እሷም ለነገ ጓዟን ስታሰናዳ እንደ እርስዎ አልጋ ላይ ትታው ነበር፣ መልሼ ነው ያለበስኳት። በሰላም ይረፉ፣ ጋሼ።